ዱሩ ያለ ነዋሪው አይጠበቅም

የዱር አራዊት ጥበቃ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር በመጀመሪያ በሐሳባችን የሚመጣው የቀጭኔው አንገት፣ የዝሆኑ ጥርስና የአንበሳው ጎፈር ነው። ፎቶግራፉም፣ ፖስተሩም፣ ለአገር ጎብኚ የሚታደለው ጽሑፍም የሚያሳዩን ይህንኑ ነው። ከፎቶግራፉ ጠርዝ ውጭ የሚቀር ግን አንድ አለ። እርሱም በዚያው ሜዳ ላይ ተወልዶ፣ በዚያው ሜዳ ላይ ዘርቶና አጥምዶ፣ በዚያው ሜዳ የሚቀበረው የመንደር ሰው ነው። ይህ ሰው በጥበቃው ሥራ ውስጥ ያለው ቦታ ምንድን ነው? ተጠርጣሪ ነውን? የቀን ሠራተኛ ነውን? ወይስ ባለቤት? የጥበቃው መጽናትም ሆነ መፍረስ የሚወሰነው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ስለሆነ፣ ጉዳዩን በመፈክር ሳይሆን በተጨባጭ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህ ምርመራ ከኢታንግ የተሻለ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ወንዙ፣ ሜዳውና ፓርኩ

ኢታንግ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ፣ በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኝ ልዩ ወረዳ ናት። አኝዋኮች ወንዙን ኦፔኖ ይሉታል። አኝዋክ፣ ኑዌርና ኦፖ በአንድነት ይኖሩባታል። የነዋሪው ኑሮ በሙሉ የተመሠረተው በውኃው መምጣትና መሄድ ላይ ነው። ክረምት ሲሆን ባሮ ከአፉ ሞልቶ ሜዳውን ያለብሰዋል፤ ውኃው ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው ደለል ላይ አኝዋኩ በቆሎውን ይዘራል፣ ከወንዙም ዓሣ ያጠምዳል። ኑዌሩ ደግሞ ጎርፉ ሲመጣ ከብቱን ይዞ ወደ ከፍታው ይወጣል፤ በጋ ሲገባና ሣሩ ሲደርቅ ወደ ወንዙ ዳር ተመልሶ ይወርዳል። እንግዲህ ውኃው የሚያዝዘው ይህ ጉዞ የሰው ብቻ አይደለም፤ አራዊቱም የሚከተሉት ሕግ ይኸው ነው።

ከኢታንግ ጋር የሚዋሰነው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም. ነው። ሲቋቋም ስፋቱ 5,061 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ በኋላ ወሰኑ ተከልሶ ወደ 4,575 ካሬ ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሏል። በውስጡ ዝሆን፣ ጎሽ፣ ቀጭኔና አንበሳ አሉ፤ በረግረጉ ላይ ናይል ሊችዌ የተባለው፣ ከዚህ አካባቢና ከደቡብ ሱዳን በስተቀር በሌላ አገር በዱር የማይገኘው እንስሳ ይኖራል። ከሁሉ በላይ ግን ፓርኩን በዓለም ያስጠራው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። ጎልማሳው ወንድ ሰውነቱ ወደ ጥቁረት ያደላ፣ ጆሮው ግን ነጭ የሆነ ይህ እንስሳ በየዓመቱ ውኃንና ለምለም ሣርን ተከትሎ በደቡብ ሱዳን ከሚገኘው ከቦማ አካባቢ ወደ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላም ወደ ቦማ ይመላለሳል። ለእርሱ አኮቦ ወንዝ የሚሻገሩት ውኃ እንጂ የሁለት አገሮች ወሰን አይደለም።

የዚህ ፍልሰት ስፋት ሙሉ በሙሉ የታወቀው በቅርቡ ነው። የደቡብ ሱዳን መንግሥትና አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ያካሄዱትንና በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉትን የአየር ላይ ቆጠራ ስንመለከት፣ በዚያ አገር ሜዳዎች ላይ የሚፈልሱት የሜዳ እንስሳት ወደ 6 ሚሊዮን እንደሚገመቱ፣ ከእነዚህም ከ5 ሚሊዮን የሚበልጡት ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች እንደሆኑ እንገነዘባለን። ይህም በዓለም ላይ ከሚታወቁት የየብስ አጥቢ እንስሳት ፍልሰቶች ሁሉ ትልቁ ነው ተብሏል። ከዚህ መንጋ የተወሰነው ክፍል ወደ ኢትዮጵያ ይሻገራል። ስለዚህ የባሮና የጊሎ ሜዳ ነዋሪ ሳያውቀው ከዓለም ታላላቅ የተፈጥሮ ሀብቶች የአንዱ ጎረቤት ነው። ይሁን እንጂ ጎረቤት መሆን ብቻውን ተጠቃሚም፣ ተጠሪም አያደርግም።

ቅራኔው ከምን ይመነጫል?

የጥበቃ ባለሙያዎች ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ሕገ ወጥ አደን» በሚለው ቃል ነው። ቃሉ እውነትነት አለው፤ ምክንያቱን ግን አይነግረንም። ጎርፍ የወንዙን ዳር በቆሎ ጠራርጎ በወሰደበት ዓመት፣ ወይም አዲሱ እሸት ሳይደርስ ጎተራው ባዶ በሆነበት ወር፣ የመንደሩ ሰው ከዓሣና ከዱር ሥጋ ሌላ ምን መጠባበቂያ አለው? ቆርኬው በመንጋ ሆኖ በደጁ ሲያልፍ፣ የልጆቹ ረሀብ ከፓርኩ ደንብ ይልቅ በቅርብ ይሰማዋል። በሌላ በኩል ጉማሬው ሌሊት ከወንዙ ወጥቶ ማሳውን ይግጣል፤ ዝንጀሮው ቀን ወርዶ በቆሎውን ይሸለቅቃል። ማሳውን ሲጠብቅ ሲያነጋ የሚያድረው ገበሬ ኪሳራውን ብቻውን ይሸከማል። የአራዊቱ ጥቅም ለአገርና ለዓለም፣ የአራዊቱ ጉዳት ግን ለአንድ መንደር የሚሆንበት ክፍፍል እስካለ ድረስ ቅራኔው በምክር ብቻ አይፈታም።

በዚህ ላይ የጦር መሣሪያው ጉዳይ አለ። ከ1975 እስከ 1997 ዓ.ም. የቆየው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከዚያም በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት፣ ክላሽንኮቭን በድንበሩ ግራና ቀኝ እንደ ጦርና እንደ መቋሚያ ተራ ዕቃ አደረጉት። በጦርና በወጥመድ የሚያድን ሰው የሚገድለው ለዕለቱ የሚበቃውን ነው። በአውቶማቲክ መሣሪያ የሚያድን ግን ለገበያ የሚተርፍ ይገድላል። እንግዲህ በባሕላዊ አደንና በንግድ አደን መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ብቻ ሳይሆን የዓይነትም ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ባለወጥመዱን ገበሬ ከሥጋና ከዝሆን ጥርስ ነጋዴው ጋር አንድ ሰልፍ ውስጥ ማስገባት ይሆናል።

ሆኖም የመንደሩን ሰው ከስሕተት ሁሉ የጸዳ የተፈጥሮ ወዳጅ አድርጎ ማቅረብም ራስን ማታለል ነው። እርግጥ ነው፣ በኑዌሮች ዘንድ አንዳንድ ጎሳዎች አንበሳን፣ አንዳንዶቹ አዞን፣ አንዳንዶቹም አርጃኖን ከዘራቸው ጋር የተቆራኘ አድርገው ስለሚያከብሩ እንዳይነኩት የሚከለክል ልማድ አላቸው። ይህ የከበረ ቅርስ ነው። ነገር ግን ልማዱ የሚጠብቀው የዚያን ጎሳ እንስሳ እንጂ መንጋውን ሁሉ አይደለም። ከዚህም በላይ «ነዋሪው» የምንለው አንድ ወጥ አካል አይደለም። ዓሣ አጥማጁ ረግረጉ እንዳይደርቅበት ይፈልጋል፤ ከብት አርቢው በበጋ አዲስ ሣር እንዲበቅልለት ሜዳውን በእሳት ያቃጥላል፤ ባለ መሣሪያው ወጣት ገበያውን ያያል፤ እንጨትና ውኃ የምትሸከመው እናት ደግሞ የወንዙ ዳር ዛፍ በራቀ ቁጥር መንገዷ ይረዝማል። እነዚህን የተለያዩ ጥቅሞች ሳይለዩ «ኅብረተሰቡን እናሳትፋለን» ማለት ከቃል አያልፍም።

ውሳኔው ከላይ ሲመጣ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የኢታንግ ሜዳና ደን የተለወጠው በመንደሩ ሰው ወጥመድ ብቻ ነውን? ያለፉት አርባ ዓመታት ታሪክ ሌላ ይናገራል።

በ1975 ዓ.ም. ገደማ ከሱዳን የሚሸሹ ስደተኞች ኢታንግ ላይ ሰፈሩ። በዚያው አሥርተ ዓመት መጨረሻ ቁጥራቸው ከ200,000 በልጦ ኢታንግ በዓለም ከነበሩት ትልልቅ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ ሆነ፤ በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ቀረ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቲርኪዲና ኩሌ የተባሉት መጠለያዎች በዚሁ ወረዳ ተከፈቱ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ሕዝብ 307,096 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ክልሉ የተቀበለው ስደተኛ ብቻውን ከ300,000 በላይ ሆኗል። ለተቸገረ ጎረቤት ደጅን መክፈት የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በየዕለቱ የሚነደው ማገዶና ለጎጆ የሚቆረጠው ማገር ከየትም አይመጣም፤ የሚመጣው ከዚያው ከባሮ ዳር ደን ነው። መጠለያው የት ይሁን ሲባል ስለ ደኑ የመንደሩን ሽማግሌ የጠየቀ ማን ነበር?

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ግልጽ ነው። በጥቅምት ወር 2003 ዓ.ም. ካሩቱሪ ለተባለው የሕንድ ኩባንያ በኢታንግና በጂካዎ 100,000 ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት ተከራየ፤ ኪራዩም ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። ትራክተሩ ሜዳውን ገለበጠው። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግን ባሮ እንደ ልማዱ ሞላና የኩባንያውን በቆሎ አጥለቀለቀው። በታኅሣሥ ወር 2008 ዓ.ም. ውሉ ሲሰረዝ ከመንግሥት የተሰጠው ምክንያት፣ ከዚያ ሁሉ መሬት የለማው 1,200 ሄክታር ብቻ ነው የሚል ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ስለ አንድ ኩባንያ ውድቀት አይደለም። ውኃው በየትኛው ሜዳ ላይ እንደሚተኛ፣ አራዊቱም በየትኛው መንገድ እንደሚያልፉ የሚያውቅ ሰው በቦታው ነበር። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ የተጻፈ ሳይሆን በአባትና በልጅ፣ በጎርፍና በዘር ወቅት የተከማቸ ነው። ዕቅዱ ግን ከላይ ወደ ታች ስለወረደ ዕውቀቱ ከታች ወደ ላይ ለመውጣት መንገድ አላገኘም። ታዲያ አንድ መቶ ሺህ ሄክታር ሲሰጥ ድምፁ ያልተጠየቀ ገበሬ፣ አንድ ቆርኬ በወጥመድ ሲይዝ «የአገር ሀብት አጠፋህ» ቢባል ምን ይመልሳል? ወጥመዱን ትክክል ነው ለማለት አይደለም። ሕግ በትንሹ ላይ ጠንክሮ በትልቁ ላይ ሲላላ ግን የሚያስተምረው መታዘዝን እንጂ ማመንን አይደለም፤ ያላመነ ሰው ደግሞ ጠባቂው ዞር እስኪል ብቻ ይታዘዛል።

ታሪክ ያስጠነቀቀን

ጠባቂው ዞር ሲል የሚሆነውን በ1983 ዓ.ም. አይተናል። የመንግሥት ለውጥ በተደረገበት ወቅት በሰንቀሌ መጠለያ በሺዎች ይቆጠር የነበረው ቆርኬ ወደ ጥቂት መቶዎች ወረደ፤ በባሌ ተራሮች የደጋ አጋዘኑ ተገደለ፤ በሌሎችም ፓርኮች የጥበቃ ጣቢያዎች ተዘረፉ። ይህን «የሕዝቡ ኋላ ቀርነት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሐቁ ግን ሌላ ነው። ያ ሕዝብ ያጠቃው አራዊቱን ብቻ ሳይሆን፣ የአባቶቹን ግጦሽና ማሳ ያለ ፈቃዱ የወሰደበትን አጥር ጭምር ነበር። በመሣሪያ ብቻ የተጠበቀ ነገር መሣሪያው በተነሣ ዕለት ይፈርሳል።

ተቃራኒው ምሳሌ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ይገኛል። የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይተዳደር ነበር። የአስቦና የጌራ ተወላጆች በመረጧቸው አለቆች አማካይነት ሜዳውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በጉባኤ ከፍተው፣ ለቤት ክዳንና ለግጦሽ በሥርዓት ይጠቀሙበት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። እዚህ ላይ ነገሩን በሚዛን መመልከት ተገቢ ነው። አዋጁ ጢሰኛውን ከባለርስት ቀንበር አላቅቋል፤ ቄሮውም የርስት ተወላጅ ያልሆነውን ያገል ነበር። ነገር ግን ከመገለሉ ጋር ጥበቃውም አብሮ ተጣለ፤ የሁሉም ነው የተባለው ሜዳ ጠባቂ አጥቶ ለልቅ ግጦሽ ተጋለጠ። መንዞች ከዚህ ተምረው በኋላ የቀበሌዎችን ነዋሪ ሁሉ ያቀፈ አዲስ መተዳደሪያ አወጡ። ዛሬ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ጓሳ የኅብረተሰብ ጥበቃ ክልል ሆኖ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። የመንዝ ገበሬ ቀበሮውን የጠበቀው ስለ ቀበሮ ስለተሰበከ አይደለም። የቤቱን ክዳን ሲጠብቅ ቀበሮውም አብሮ ተጠበቀ።

በራሱ በጋምቤላ ክልልም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የባዮስፌር መዝገብ ውስጥ ያስገባው የማጃንግ ደን እስከ ዛሬ የቆየው በአብዛኛው ማጃንጎች ቀፏቸውን በዛፍ ላይ የሚሰቅሉ ንብ አናቢዎች ስለሆኑ ነው። ዛፉ ከተቆረጠ ማሩ የለም። ጥቅምና ጥበቃ በአንድ ግንድ ላይ ሲገናኙ ተጨማሪ ጥበቃ ብዙ አያስፈልግም።

ከአገራችን ውጭ ብናይ፣ ናሚቢያ በ1996 እ.ኤ.አ. ሕጓን አሻሽላ የገጠር ነዋሪዎች የጥበቃ ማኅበር አቋቁመው በአራዊቱ ገቢ እንዲጠቀሙ ፈቀደች፤ ዛሬ ከ80 በላይ እንዲህ ያሉ ማኅበራት አሉ። ዚምባብዌም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ፕሮግራም ጀምራ ነበር። እዚያ የታየው ዋና ድክመት ግን ሊጤን ይገባል፤ ሥልጣኑና ገንዘቡ በወረዳ ምክር ቤቶች እጅ ስለቀረ ወደ መንደሩ የደረሰው ከታሰበው ያነሰ ሆነ። ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ የወረደ ሥልጣን ጋምቤላ ላይ ቢቆም ለኢታንግ ገበሬ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ምን መደረግ አለበት?

ሕጉ በሩን ዘግቷል ማለት አይቻልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 በአካባቢ ኅብረተሰብ የሚተዳደር የጥበቃ ክልል ሊኖር እንደሚችል ተቀብሏል፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ የኅብረተሰብን የደን ባለይዞታነት ዕውቅና ሰጥቷል። የጎደለው በወረቀት ላይ ያለውን በሜዳው ላይ ማዋል ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ የፓርኩ ወሰን በካርታ ላይ ብቻ ሳይሆን በእግር፣ ከየመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር አብሮ እየተሄደ መለየት አለበት። ለብዙ ዓመታት በሕግ ያልጸና ወሰን ለነዋሪውም፣ ለጠባቂውም፣ ለባለሀብቱም የጭቅጭቅ ምንጭ ሆኖ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ነዋሪው የሚከለከለው ብቻ ሳይሆን የሚፈቀድለትም በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል። ዓሣው፣ የወንዙ ዳር እርሻው፣ የክዳን ሣሩ፣ የበጋው ግጦሽ በየወቅቱና በየቦታው ተለይቶ ስምምነት ሊደረግበት ይችላል። ሣር የሚቃጠልበትን ጊዜና ቦታ አርቢውና ጠባቂው በአንድነት ቢወስኑ እሳቱ ከጠላትነት ወደ መሣሪያነት ይለወጣል።

ሦስተኛ፣ ጠባቂዎች ከአኝዋኩም፣ ከኑዌሩም፣ ከኦፖውም መንደሮች ተመልምለው ደመወዛቸው በየወሩ ሳይቋረጥ ሊከፈላቸው ይገባል። ይህ የሥራ ዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በኢታንግ የታየው ደም ያፋሰሰ ግጭት ሁላችንንም ያሳዘነ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የተውጣጣ የታጠቀ ጥበቃ ሰላምንም አራዊትንም አያተርፍም፤ በአንጻሩ ሁሉም የተወከለበት የጋራ ሸንጎ ስለ ሣርና ስለ ውኃ ሲመክር ስለ ሰላምም መምከሩ አይቀርም።

አራተኛ፣ ለስደተኛውም ለተቀባዩም ነዋሪ የማገዶ ምንጭ ሳይዘጋጅ ደን ይጠበቃል ማለት ዘበት ነው። ዛፍ መትከልና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማዳረስ እዚህ ከአደን ቁጥጥር ያላነሰ የጥበቃ ሥራ ነው።

አምስተኛና ዋናው፣ ከእንግዲህ በዚህ ሜዳ ላይ ሰፊ መሬት ለማንም ከመሰጠቱ በፊት የመንደሩ ጉባኤ ሐሳቡን ይስጥ፤ የአራዊቱም መተላለፊያ አስቀድሞ ይጠና። ከፓርኩ የሚገኝ ገቢ ካለም ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ በነዋሪው ፊት ይነበብ። ሂሳቡን የማያይ ባለቤት ባለቤት አይባልም።

የተሳትፎ መለኪያው እንግዲህ ስንት ስብሰባ ተደረገ፣ ስንት ሰው ጉድጓድ ቆፈረ፣ ስንት ሰው እጁን አወጣ የሚለው አይደለም። መለኪያው አንድ ነው፤ ነዋሪው «አይሆንም» ባለ ጊዜ የሚሰማው አለ ወይ? ሊከለክል የማይችል ሰው ሊፈቅድም አይችልም፤ የፈቀደ መስሎ ዝም ይላል እንጂ።

ክረምቱ ሲያልፍ ባሮ ወደ አልጋው ይመለሳል። የኢታንግ ገበሬ በደለሉ ላይ በቆሎውን ይዘራል፤ አርቢው ከብቱን ወደ ወንዙ ያወርዳል፤ ቆርኬውም በአኮቦ በኩል ውኃውን ፍለጋ ይመላለሳል። ሦስቱም ይህን ጉዞ ሲያደርጉ የኖሩት ፓርክ የሚባል ቃል ከመታወቁ በፊት ነው። የእኛ ዘመን ኃላፊነት ከሦስቱ አንዱን አስወጥቶ ሌላውን ማቆየት ሳይሆን፣ ሦስቱ የሚተላለፉበትን መንገድ በጋራ ስምምነት ማጽናት ነው። ያ ስምምነት ደግሞ ከጠረጴዛ ዙሪያ ብቻ አይገኝም፤ ከወንዙ ዳር፣ ከሾላው ጥላ ሥር፣ ቀድሞ የሚናገረው የመንደሩ ሰው ሲሆን ይገኛል።